አዲስ አበባ ብትያዝ

ጥቅምት 23፣ 2014፣ ማክሰኞ

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ዜናውን ቆሜ ነው የሰማሁት። ደሴ በትግራይ ኃይሎች ተይዛለች፣ ኮምቦልቻም ተይዛለች ይላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ መሣሪያ ያለው ሰው እንዲያስመዘግብ፣ ነዋሪውም ተደራጅቶ ሰፈሩን እንዲጠብቅ ተነገረ።

ወዲያው ፅዮን ጋ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ አላነሳችም። በአራተኛው «እማ፣ ተረኛ ነኝ፣ በኋላ» ብላ ዘጋች። ነርስ ናት፤ አዲስ አበባ ሥራ ከያዘች ሁለት ዓመቷ ነው። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። አባቷ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ይህን ደብተር ያወጣሁት ጭንቀቴን የማወራለት ሰው ስላጣሁ ነው። መምህራን ክፍል ውስጥ የተነፈስኩት ሁሉ በማግስቱ ተማሪው አፍ ላይ ነው።

ጥቅምት 25፣ ሐሙስ

አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቼ ስለ አፈር መሸርሸር ጀመርኩ። ማን ሊሰማኝ! ራቢያ የምትባል ከኦጎልቾ የመጣች ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አዲስ አበባን ለምንድነው የሚፈልጓት? ስንዴ የላት፣ ወርቅ የላት።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን በሠላሳ ዓመት የጂኦግራፊ መምህርነቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስንት ጊዜ ገጥሞኛል? ጠመኔ አንስቼ ካርታ ሳልኩ። ከጅቡቲ የሚመጣው መንገድ በሚሌ፣ በአዋሽ፣ በአዳማ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል። ነዳጁም ማዳበሪያውም መድኃኒቱም በዚያ ነው የሚመጣው። ከደሴ አካባቢ አንዱ መንገድ በደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ይወርዳል።

«ዋና ከተማ ማለት ፎቁ አይደለም» አልኳቸው። «ባንኩ፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሬዲዮው፣ ማኅተሙ ነው። የውጭ አገር ሰው መንግሥት ፈልጎ ሲመጣ የሚያንኳኳው እዚያ ነው። ዋና ከተማ የሌለው መንግሥት ሸማቂ ይባላል፤ ዋና ከተማ የያዘ ሸማቂ ደግሞ መንግሥት ይባላል።»

ሌሎቹ ካርታውን መገልበጥ ጀመሩ። ራቢያ ግን አልተቀመጠችም።

«እሺ እኛስ? አዲስ አበባ ብትያዝ አሰላ ምን ትሆናለች?»

ደወሉ አወጣኝ።

ማታ

መልሱን አውቀዋለሁ። በ1983 የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ ስትያዝ እኛ ዘንድ አንድ ጥይት አልተተኮሰም፤ በሬዲዮ ሰማን፣ በቃ። የተበተነ ወታደር ጠመንጃውን በዳቦ እየለወጠ በከተማው አለፈ። ሹማምንቱ በአንድ ሌሊት ጠፉ። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እንደ እኛ አያቶቹ ከሸዋ የመጡ ሰው ሁሉ በየገጠሩ ሲፈለግ። የወደቀችው አዲስ አበባ ናት፤ የተቃጠለው ግን የአባቴ ቤት ነው። ይህን ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ጥቅምት 28፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፅዮንን በስልክ አገኘኋት።

«ነገ ተነሺና ነይ።»

«እማ፣ ቁስለኛ እየመጣ ነው። ፈቃድ የሚባል ነገር የለም።»

«ፈቃድ ጠይቂ አላልኩሽም፤ ነይ ነው ያልኩሽ።»

«ሰዎቹን ትቼ?»

«አዎ።»

«አንቺ ብትሆኚ ትመጪ ነበር?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ እናት ትጠየቃለች?

ስልኩን ስዘጋ ገብረ መድህን በረንዳው ሥር ቆሟል። «ፅዮን ደህና ናት፣ እትዬ? አዲስ አበባ እንዴት ነው አለች?» አለኝ። በየቀኑ ይጠይቀኛል። ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ከገባ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ የአዲግራት ልጅ። ፅዮንን ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ ያስጠናት እሱ ነው። የእናቱን ድምፅ ከሰማ ዓመት ሞላው፤ የትግራይ ስልክ እንደተቋረጠ ነው። እኔ ግን ስለ እናቱ ዛሬም አልጠየቅሁትም። ምን ብዬ እጠይቃለሁ?

ጥቅምት 30፣ ማክሰኞ

የቀበሌ ስብሰባ። አከራይ ሁሉ የተከራዩን ስም፣ የትውልድ ቦታና ሥራ በቅጽ ሞልቶ እንዲሰጥ ተባለ። ቅጹን ያደለው ጸሐፊው ዮፍታሔ ነው፤ ከስምንት ዓመት በፊት ተማሪዬ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው።

«የትውልድ ቦታ» የሚለው ላይ እጄ ቆመ። አዲግራት ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ነው የጻፍኩት። እኔ ባልጽፈው መታወቂያው ላይ አለ አይደል?

ኅዳር 2፣ ሐሙስ

ዮፍታሔ ቤት ድረስ መጣ። ሻይ አቀረብኩለት፤ አልጠጣም።

«ቲቸር፣ ለእርስዎ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ። «ግቢዎ ውስጥ አንድ ነገር ቢገኝ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።»

«ምን ይገኛል ብለህ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሰውዬው ሬዲዮ ይሰማል?»

«የማይሰማ አለ እንዴ በዚህ ሰሞን?»

«ስለ ጦርነቱ ያወራል?»

«አንድም ቀን አውርቶኝ አያውቅም። ፅዮን ደህና ናት ወይ፣ አዲስ አበባ እንዴት ናት፣ ይለኛል። ሌላ ነገር የለውም።»

ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። የተገለበጠ ጽሑፍ ማንበብ የመምህር ልማድ ነው። «ስለ አዲስ አበባ ሁኔታ በየቀኑ መረጃ ይጠይቃል» ይላል። እንደዚያ አላልኩም። ግን ውሸት ነው ብዬ ምኑን እሰርዘዋለሁ? ይጠይቀኛላ።

በሩ ላይ ሲደርስ «ያስቡበት፣ ቲቸር» አለኝ። እያሰብኩበት ነው። ሌላ ምን አስባለሁ?

ኅዳር 3፣ ዓርብ

ለገብረ መድህን ነገርኩት። ክፍለ ጊዜ አለኝ፣ በአጭሩ ልጻፈው።

ፅዮን ልትመጣ ነው፣ ክፍሉ ያስፈልጋታል አልኩት። ትመጣለች ብዬ አምናለሁ። የእናት ልብ ያውቃል።

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«በዚሁ ሳምንት።»

ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ደግ» አለ። «እንኳን መጣችልዎት።»

የት ትሄዳለህ አልኩት። አዲስ አበባ እህት አለችው። «አዲስ አበባ ሕዝብ ብዙ ነው፣ እትዬ። ሰው በሰው ይሸፈናል» አለኝ። ሰው ሁሉ ልጁን ከአዲስ አበባ በሚያወጣበት ሰሞን እሱ ወደዚያ ይገባል።

ውጣ አላልኩትም። ውጣ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።

ኅዳር 4፣ ቅዳሜ

ዮፍታሔ ደወለ። ተከራዩ ነገ ይለቃል አልኩት። «ወዴት?» አለ። አዲስ አበባ፣ እህቱ ጋ። «በስንት ሰዓት መኪና?» በመጀመሪያው። ከመዝገቡ እንዲያወጣው ብዬ ነው። «በጣም ጥሩ፣ ቲቸር፣ እናመሰግናለን» አለ።

ልብስ አጠብኩ። አንሶላዎቹን ሁሉ። ንጹሕ የነበሩትንም።

ኅዳር 5፣ እሑድ

ሄደ። አንድ ሻንጣ ብቻ ነው የያዘው። መጽሐፎቹንና ብርድ ልብሱን «ፅዮን ካላስቸገራት ጥግ ላይ ይቀመጡ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን እወስዳለሁ» አለኝ። ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጠኝ። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ውርጭ መሬቱን አልብሶት ነበር፤ ባጃጁ ድረስ የረገጠበት ሁሉ በግልጽ ይታያል። በሰላም ግባ አልኩት። ሲደርስ እንዲደውል ነገርኩት።

አልደወለም። ደክሞት ይሆናል።

ኅዳር 8፣ ረቡዕ

ስልኩ ዝግ ነው። ዛሬም።

ጠይባ ከመንገዱ ማዶ ጠራችኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ ነው የምንተዋወቀው፤ ገበያ ላይ የስንዴና የገብስ መጋዘን አላት። «ገብሬን ካየሁት ሰነበትኩ፤ ታሞ ነው?» አለችኝ። አዲስ አበባ ሄደ፣ ክፍሉን ለቀቀ አልኳት።

«ያ ረቢ! በዚህ ጊዜ? ለምን?»

«ያው ዮፍታሔ መጥቶ… አከራይ ነው የሚጠየቀው አለኝ።»

«አቦ በቀለች፣ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? የእኔ ክፍል ባዶውን አይደል ያለው?»

«አዋጅ አለ'ኮ፣ ጠይባ።»

«አዋጁ ለእኔም ታውጇል'ኮ።»

ደብተር ላርም ነው ብዬ ገባሁ። የሚታረም ደብተር አልነበረኝም።

ኅዳር 15፣ ረቡዕ

ሸዋሮቢት፣ ደብረ ሲና… በየቀኑ አንድ ስም። መምህራን ክፍል ያለው ካርታ ላይ ሰው ሁሉ በጣቱ ይለካል፤ ወረቀቱ አዲስ አበባ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ኤምባሲዎች ዜጎቻችሁ ውጡ እያሉ ነው። የስፖርት መምህሩ ፍቅረማርያም «አትያዝም፣ አትሞኙ» ይላል፤ ግን ሚስቱንና ልጆቹን ከአዲስ አበባ በቆጂ አምጥቷቸዋል።

አዲስ አበባ ብትያዝ ፅዮን እዚያ። አዲስ አበባ ብትከበብ ፅዮን እዚያ። በአዳማ ያለው መንገድ ቢዘጋ እኔ እዚህ፣ እሷ እዚያ። ርቀቱ ካርታው ላይ አንድ ስንዝር አይሞላም።

ፅዮን ደወለች። ድምፅዋ ሰልሏል። «እማ፣ የጋሼ ገብሬ ስልክ አይሠራም። ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኳት። «ኔትወርክ ነው።»

ለምን እንደዚያ አልኩ? እንዳትጨነቅ ነው። ሥራ ላይ ናት።

ኅዳር 21፣ ማክሰኞ

ኅዳር ጽዮን። ልጄን በዚህ ቀን ስለወለድኳት ነው ስሟን ያወጣሁላት። ለእሷ ጸለይኩ። በየዓመቱ በዚህ ቀን ገብረ መድህን ዳቦ ገዝቶ ይዞ ይመጣ ነበር። ስልኩን ሞከርኩት። ዝግ።

ኅዳር 28፣ ማክሰኞ

ትምህርት ለአንድ ሳምንት ተዘጋ። ተማሪውና መምህሩ የዘማቾችን ሰብል እንዲያጭድ ታዟል። የእኛ ክፍል በአይሱዙ ተጭኖ በዲክሲስ መንገድ ካለ ገጠር ደረሰ። ኮምባይነር የማይገባበት ዳገት ላይ ያለ ስንዴ ነው፤ በማጭድ ካልሆነ አይነሳም። ልጆቹ እየዘፈኑ ገቡበት። የከተማ ልጆች እጃቸው በአንድ ሰዓት ውስጥ ውኃ ቋጠረ፤ ራቢያ ግን ነዶ ስታስር እንደ ትልቅ ሰው ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ተመልሰዋል የሚለውን ዜና ትናንት ሰምተን ስለነበር ሁሉም ፊቱ በርቷል። የማሳው ባለቤት ሚስት እርጎ ይዛ መጣች። ባሏ ከዘመተ ሁለት ወሩ ነው፤ የት እንዳለ አታውቅም። «አዲስ አበባ ተረፈች አይደል?» አለችኝ። «ከተረፈች ይመጣል።»

ከሰዓት በኋላ ጀርባዬን ላቃና ቀና ስል ሸለቆው ማዶ ያለውን ቤት አወቅሁት። የጠይባ አባት ቤት ነው። ቤታችን የተቃጠለ ጊዜ እኔና እናቴ አሥራ አንድ ቀን የተቀመጥነው እዚያ ነው። ሰዎች መጥተው ሲጠይቁ ሽማግሌው በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። «ውስጥ ያሉት ልጄና እህቴ ናቸው። ሌላ ሰው የለም» አሉ። ሦስት ጊዜ መጡ፤ ሦስቱንም ጊዜ ከወንበሩ አልተነሡም።

ለምን ዛሬ እንደታወሰኝ እንጃ። ሥራው አድክሞኛል።

ታኅሣሥ 12፣ ማክሰኞ

ለቀው ወደ ትግራይ ተመልሰዋል ተባለ። አዲስ አበባ አልተያዘችም። መምህራን ክፍል ተጨባበጥን፤ ፍቅረማርያም አለቀሰ። እኔም ደስ ብሎኛል። እግዚአብሔር ይመስገን።

ቤት ስገባ ሰርቪሱን ከፈትኩት። መጽሐፎቹ ጥግ ላይ እንዳሉ ናቸው። አቧራቸውን ጠርጌ ዘጋሁት።

ታኅሣሥ 30፣ ቅዳሜ

ፅዮን ለገና ሁለት ቀን ፈቃድ አግኝታ መጣች። ከስታለች። ስትበላ እንኳ እጇ እንደ ቸኮለ ሰው ነው። ገና እንደገባች ሰርቪሱን አንኳኳች።

«ጋሼ ገብሬስ?»

«አዲስ አበባ ሄደ፤ እህቱ ጋ።»

«መቼ?»

«ኅዳር መጀመሪያ ላይ።»

«በስልክ ደህና ነው ያልሽኝ ጊዜ እዚህ አልነበረም ማለት ነው?»

እንዳትጨነቂ ብዬ ነው አልኳት። ቁልፉን ተቀብላ ገብታ የተቆለሉትን መጽሐፎች አየች። «ሳይነግረኝ? አይሄድም። ቃል ገብቶልኝ ነበር» አለች።

«ምን ብሎ?»

«ተይው።»

የበዓሉን ዶሮ አብረን በላን። ብዙ አላወራንም። ስለ ክፍሉ ለገብረ መድህን ያልኩትን አልነገርኳትም። አልጠየቀችኝማ።

ጥር 9፣ ሰኞ

ፅዮን ደወለች። እህቱን አፈላልጋ አግኝታታለች። ገብረ መድህን አዲስ አበባ አልደረሰም። የዚያን እሑድ ጠዋት መንገድ ላይ ኬላ አስቁመው ከመኪናው አውርደውታል። አንድ መጋዘን ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር ተይዟል። በሕይወት አለ።

«የሚገርምሽ» አለች፣ «መታወቂያ እንኳ ሳያዩ በስሙ ጠርተው ነው ያወረዱት። አብሮት የነበረ ሰው ነው ለእህቱ የነገራት። ስሙን ከየት አገኙት?»

«እንጃ» አልኳት።

እንጃ። የመኪናው ተሳፋሪ ዝርዝር ይኖር ይሆናል። ረዳቱ ተናግሮ ይሆናል። በየመናኸሪያው ሰው ይቆማል በዚህ ጊዜ። ከሺህ ቦታ ሊያገኙት ይችላሉ።

ጥር 10

ከሺህ ቦታ።

ጥር 16፣ ሰኞ

ቀበሌ ሄድኩ። ዮፍታሔን «የተከራዬ ነገር እንዴት ነው?» አልኩት። «የትኛው ተከራይ?» አለኝ። የእውነቱን ነው፤ ረስቶታል። ወረቀት አገላበጠና «እሱ ከመዝገብ ወጥቷል፣ ቲቸር። እርስዎ ላይ ምንም የለም» አለኝ።

እኔ ላይ ምንም የለም።

የካቲት 13፣ እሑድ

አዋጁ ከተነሣ አምስት ቀን ሆነው። ገብረ መድህን መጣ።

በሩን ስከፍት አላወቅሁትም፤ ጢሙ ነጭ ጣል ጣል አድርጎበታል፣ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። «እንዴት ከረሙ፣ እትዬ?» አለ። ዕቃዬን ልውሰድ ብዬ ነው አለኝ። ጠይባ ክፍሏን ሰጥታዋለች። ከመንገዱ ማዶ፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት።

ግባ አልኩት። በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ሻይ አመጣሁለት።

«ፅዮን ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ያኔ… አልመጣችም። ልትመጣም አልነበረም፣ ገብረ መድህን። ዋሽቼህ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረህ?»

«እሷ ናት። የዚያን ዓርብ ጠዋት፣ እርስዎ ሳይነግሩኝ በፊት ደውላልኝ ነበር። ‹እማ ፈርታለች፤ አልመጣም ብያታለሁ። አደራ፣ አጠገቧ ሁንልኝ› አለችኝ። እሺ አልኳት።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ዝም አልከኝ?»

ብርጭቆውን አዙሮ አዙሮ ያዘው። «ምን ልበልዎት? በልጅዎ ስም እስኪዋሹ ድረስ ከፈሩኝ፣ አጠገብዎ መቀመጤ ለአደራው ምን ይጠቅማል?»

ስለ እናቱ ጠየቅሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በቀይ መስቀል በኩል መልእክት እንደላከ ነገረኝ፤ መልስ ገና ነው።

መጽሐፎቹን ባጃጁ ላይ ስንጭን ቆም አለ። «አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለ። «መኪናው ገና ሳይቆም ስሜን ይዘው ነበር የሚጠብቁት። ማን እንደነገራቸው ሁልጊዜ አስባለሁ።»

«ብርድ ልብሱን እንዳትረሳ» አልኩት።

እንደዚያ ነው ያልኩት። ብርድ ልብሱን እንዳትረሳ።

የካቲት 14፣ ሰኞ

ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ፅዮን ጋ ደወልኩ። ሁለቱንም ነገርኳት፤ የክፍሉንም፣ ለዮፍታሔ በስልክ የነገርኩትንም።

«በስሙ ነው'ኮ የጠሩት፣ እማ» አለች።

«አዎ።»

ስልኩን ዘጋችብኝ። ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

ከሥራ መልስ ጠይባ ግቢ ገባሁ። የክፍሉ በር ክፍት ነው። ገብረ መድህን ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል እየቀየረ ነበር። «እትዬ! ደህና ነዎት?» አለኝ ከላይ ሆኖ። አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ እንደ ትናንቱ ሌላ ወሬ እንደማመጣ አውቃለሁ።

«ለዮፍታሔ የነገርኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ቀኑንም፣ መኪናውንም፣ የምትሄድበትንም። በስልክ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።»

ከወንበሩ ወረደ። አሮጌውን አምፖል በመዳፉ ይዞ ቆየ። ከጓሮ የጠይባ ድምፅ ይሰማል፤ በኦሮምኛ ከደላላ ጋር በስንዴ ዋጋ ትጨቃጨቃለች።

«ለፅዮን እንዳይነግሯት» አለ በመጨረሻ። «እናቷ ነዎት።»

«ነግሬያት ነው የመጣሁት።»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑን ማየት አቃተኝ፤ ግን አልወጣሁም። ይቀመጡ አላለኝም። ይሂዱም አላለኝም። ወንበሩ በመካከላችን ነበር። ቆሜ ቆየሁ።